ካርቶኑን ከመሸጥሽ በፊት ከቤዙ በላይ ያለውን መስመር ተጫወቺው

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ለመዘምራኑ ፒያኖ እጫወታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማረችኝ የፒያኖ መምህሬ ባለፈው ዓመት ስታርፍ አንድ ካርቶን ሙሉ ያረጁ የመዝሙር ኖታዎች ተወችልኝ። ነጠላ ወረቀቶች አሉ፣ መጻሕፍትም አሉ። አንዱ መጽሐፍ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። ኖታዎቹ ክብ ብቻ አይደሉም፤ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን የሆኑም አሉ። «አሜዚንግ ግሬስ» የሚለውን መዝሙር ግጥም አገኘሁበትና የላይኛውን መስመር ተጫወትኩት። ዜማው ግን የማውቀው አይደለም። ወንድሜ «ያረጀ ነገር ወርቅ ነው፣ ባንዴ ሽጪውና ተገላገዪ» ይለኛል። እኔ ግን ብርቅ የሆኑ የመዝሙር ኖታዎችን መሰብሰብ ብጀምር ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ ከትልቅ የብራና መዝሙር መጽሐፍ የተቆረጠ ገጽ በፍሬም አድርጎ አቅርቧል፤ ልቤ እሱ ላይ ቀርቷል። ከየት ልጀምር? የተቀደዱትን በፕላስተር ልለጥፋቸው? መምህሬ በእርሳስ የጻፈችውንስ ላጥፋው?
የካርቶኑ ወራሽ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ ለመምህርሽ ነፍስ ይማር። ወንድምሽ ይቅርታ ያድርግልኝና ካርቶኑን ለጊዜው አትሽጪው። «ሳላየው ልግዛው» የሚል ሰው ከመጣም በትህትና መልሺው። ምን እንዳለሽ ሳታውቂ ከሸጥሽ ዋጋውን የሚተምነው ገዢው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፒያኖሽ ተመለሺ። ያንን ወርደ ሰፊ መጽሐፍ ክፈቺና የላይኛውን መስመር ተዪው። የመጨረሻው የታችኛው ቤዝ፣ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ ነው። ከቤዙ ቀጥሎ ከፍ ብሎ ያለውን መስመር በቀኝ እጅሽ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ ተጫወቺው። የምታውቂው ዜማ እዚያ ሳይሆን አይቀርም። በእነዚህ መጻሕፍት ዋናው ዜማ የሚሰጠው ለቴነር፣ ለቀጭኑ የወንድ ድምፅ ነበር። እኛ ሶፕራኖ (ቀጭኑ የሴት ድምፅ) ላይ መስማት ስለለመድን ከላይ እንፈልገዋለን። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንደ አንቺው ተሳስቼ የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ማዕዘኑና አራት ማዕዘኑም ጌጥ አይደሉም። «ሼፕ ኖት» ይባላሉ፣ ባለቅርጽ ኖታ ማለት ነው። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው ቅርጹን አይቶ ብቻ እንዲዘምር ታስቦ የተፈጠረ ዘዴ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ፋ፣ ክቡ ሶል፣ አራት ማዕዘኑ ላ፣ በጫፉ የቆመው ደግሞ ሚ ነው። በአሜሪካ ዊልያም ሊትልና ዊልያም ስሚዝ በ1801 «ዚ ኢዚ ኢንስትራክተር» በሚለው መጽሐፋቸው ይህን ዘዴ አወጡት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1846 ደግሞ ጄሲ ኤይኪን ሰባት ቅርጽ ያለው አሠራር ይዞ መጣ።

ስለዚህ ቅርጾቹን ቁጠሪ። ሰባት ዓይነት ካገኘሽ መጽሐፍሽ ከ1846 በፊት የታተመ አይደለም። አራት ብቻ ካገኘሽ ግን ቶሎ ደስ አይበልሽ። በ1844 የወጣው «ዘ ሴክረድ ሃርፕ» እስከ ዛሬ ድረስ በአራት ቅርጽ እየታተመ ይዘመርበታል። አራት ቅርጽ ያለው መጽሐፍ የ180 ዓመት አዛውንት ሊሆን ይችላል፣ የትናንት ኅትመትም ሊሆን ይችላል።

«ከየት ልጀምር?» ላልሽው የኔ ምክር አንድ ነው። አንድ ዜማ ምረጪና ዱካውን ተከተዪ። «ያረጀ የመዝሙር ኖታ» ብለሽ ከጀመርሽ ቤትሽ ይሞላል፣ ኪስሽ ይራቆታል፣ በአምስት ዓመትሽ ምን እንደሰበሰብሽ አታውቂውም። አንድ ዜማ ከያዝሽ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር ይነጋገራል። የትኛው እንደጎደለሽም ታውቂያለሽ።

ለምን ግጥሙን ሳይሆን ዜማውን አልኩ? የድሮ መዝሙር ግጥምና ዜማ እንደ ዛሬው የተጋቡ አልነበሩም። ብዙዎቹ የመዝሙር መጻሕፍት ኖታ የላቸውም፤ ግጥም ብቻ ናቸው። ዜማዎቹ የራሳቸው ስም ነበራቸው። በየስንኙ ያለው የቀለም (የቃል ክፍለ ድምፅ) ቁጥር እስከገጠመ ድረስ አንድ ዜማ ለብዙ ግጥም፣ አንድ ግጥምም በብዙ ዜማ ይዘመር ነበር። በመጽሐፍሽ ውስጥ ከኖታው በላይ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ የሰው ወይም የቦታ ስም ካየሽ የዜማው ስም እሱ ነው። ስትፈልጊ በእሱ ፈልጊ።

የጀመርሽውን መዝሙር እንውሰድ። ግጥሙን የጻፈው እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ነው። በ1779 «ኦልኒ ሂምስ» በሚባል መጽሐፍ ሲታተም አንድም ኖታ አልነበረውም። ዛሬ የምናውቀው ዜማ በ1829 በአሜሪካ «ኮለምቢያን ሃርሞኒ» በሚባል መጽሐፍ ታየ። ያኔ ግን በሁለት ሌሎች ስሞችና ከሌላ ግጥም ጋር ነበር። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያገናኛቸው ዊልያም ዎከር ነው፣ በ1835 ባሳተመው «ሳውዘርን ሃርሞኒ»። ለዜማው የሰጠው ስም «ኒው ብሪትን» ነው። ኒውተን ከሞተ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ዓለም ሁሉ የሚዘምረውን ዜማ ከግጥሙ ጋር ሆኖ አልሰማውም ማለት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። «አሥር ሺህ ዓመት» የሚለው የመጨረሻው አንጓም የኒውተን አይደለም፣ በኋላ የተጨመረ ነው። በካርቶንሽ ውስጥ ይህ መዝሙር ባለበት ወረቀት ሁሉ ላይ ሦስት ጥያቄ አለሽ። የዜማው ስም ምንድን ነው? ዜማው በየትኛው ድምፅ ላይ ነው? የመጨረሻው አንጓ የቱ ነው? እነዚህን ደብተር ላይ መጻፍ ስትጀምሪ ሰብሳቢ ሆነሻል። ገና ምንም ሳትገዢ።

«አባይድ ዊዝ ሚ» የሚለውን ብትመርጪም ጥሩ ነው። ግጥሙ የ1847 ነው። ዛሬ የሚዘመርበት ዜማ «ኢቨንታይድ» ይባላል፤ በ1861 «ሂምስ ኤንሸንት ኤንድ ሞደርን» ውስጥ ወጣ። ከዚያ በፊት ታትሞ ሌላ ዜማ የያዘ ወረቀት ካገኘሽ እንዳትጥዪው።

አሁን ስለ ወንድምሽ «ወርቅ»። ዕድሜ ብቻውን ብርቅ አያደርግም። «ዘ ሆሊ ሲቲ» የሚባለው የ1892 መንፈሳዊ መዝሙር ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን እጅግ ብዙ ቅጂ ስለታተመ ነጠላ ኖታው እንደ ልብ ይገኛል። በየቤቱ ፒያኖ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከየሱቁ ይገዙ ነበር። በካርቶንሽ ያሉት ነጠላ ወረቀቶች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ይመስሉኛል። ውበት አላቸው፣ ለመጫወትም ደስ ይላሉ፣ ሀብታም ግን አያደርጉም።

በሌላው ጫፍ «ቤይ ሳልም ቡክ» አለ። በ1640 በማሳቹሴትስ የታተመ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው። ወደ 1,700 ቅጂ ታትሞ ዛሬ 11 ብቻ ይታወቃሉ። አንዱ በ2013 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የቀሩት የት ሄዱ? አብዛኞቹ በእጅ ብዛት ያለቁ ናቸው። የመዝሙር መጽሐፍ በየሳምንቱ የሚገለጥ፣ ልጅ የሚይዘው፣ ሻማ የሚንጠባጠብበት መጽሐፍ ነው። የሚገርመው ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲወጣ ኖታ አልነበረውም። ኖታ የገባበት በ1698 በወጣው ዘጠነኛ እትም ነው። ስለዚህ አንቺን የመሰለ ዜማ ፈላጊ «የመጀመሪያ እትም» ከሚለው ቃል ይልቅ «ኖታ ያለበት የመጀመሪያው እትም» የሚለውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሻጮች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አይነግሩሽም።

ዓመት ስለማወቅ ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የመዝሙር መጽሐፍ በፎቶ አይቼ ገዛሁ። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የጥንት ዓመት ተጽፎበታል። ሻጩም «የዚያ ዓመት ነው» አለኝ። ለወራት ያጠራቀምኩትን ከፈልኩ። መጽሐፉ እጄ ሲገባ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጥኩ። በዚያ ዓመት ገና ያልተወለደ ሰው የደረሰው ዜማ ታትሞበታል። ጀርባው ላይ የነበረው ዓመት የባለመብትነት ምዝገባ ዓመት ነበር። መጽሐፉ የታተመው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የማንኛውም መጽሐፍ ፎቶ ስጠይቅ ሦስት ቦታ እላለሁ፦ የርዕሱ ገጽ፣ የእሱ ጀርባና የመጨረሻው ገጽ። የመጨረሻውን ማንም አያስበውም። ግን ተጨማሪ ዜማዎች የሚገቡት እዚያ ነው።

ነጠላ ወረቀቶችሽ ላይ ዓመት ባይኖርም በየገጹ ግርጌ መሐል ላይ አንድ ትንሽ ቁጥር፣ አንዳንዴ ከፊደል ጋር፣ ፈልጊ። የማተሚያው ሰሌዳ ቁጥር ነው። አሳታሚዎች ሰሌዳዎቻቸውን በተራ ቁጥር ይመዘግቡ ስለነበር በቁጥሩ ዓመቱን መገመት ይቻላል። ጣትሽን በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርገሽ አሂጂው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተጫነ ስስ ምልክት ከዳሰስሽ ወረቀቱ ከተቀረጸ የብረት ሰሌዳ በቀጥታ የታተመ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገጹን ወደ መስኮት ከፍ አድርገሽ በብርሃን እዪው። ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ከታዩሽ በእጅ ከተሠራ የድሮ ወረቀት ጋር ይስማማል። በኋላ ዘመን ይህን አስመስለው የሠሩም ስላሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቅጂን ከዋናው ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለኝ። ቡናማ ነጠብጣብ ወይም የውሃ እድፍ ፈልጊና ገጹን ገልብጪው። እውነተኛ እድፍ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባውም ጥላው ይታያል። አብሮ የታተመ እድፍ ግን ጀርባው ንጹሕ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዪው ደግሞ ምስሉ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበታተናል።

የወረቀቱ ቀለምም እንዳያሳስትሽ። በ1780 የታተመ ገጽ ነጭና ጠንካራ ሆኖ፣ የ1895ቱ ቡናማና ተሰባሪ ሆኖ ታገኚያለሽ። የድሮው ወረቀት ከጨርቅ ነበር የሚሠራው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ከእንጨት የሚሠራው ተስፋፋ፤ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ወረቀቱን ይበላዋል።

ፍሬም ውስጥ ያለውን የብራና ገጽ በሚመለከት በግልጽ ልናገር፦ አትግዢው። ውበቱን አውቃለሁ። አራት ቀይ መስመሮች፣ ጥቁር አራት ማዕዘን ኖታዎች፣ አንድ ትልቅ ያጌጠ ፊደል። እነዚያ መጻሕፍት ያን ያህል የገዘፉት ብዙ ዘማሪዎች በአንድ አትሮንስ ዙሪያ ቆመው ከሩቅ እንዲያነቡ ነው። ዛሬ መጽሐፉን ሙሉውን የሚገዛ ጥቂት ነው፤ በየገጹ ቆርጦ የሚሸጥ ግን ያተርፋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገጽ በእጄ ይዤ ነበር። ከታች ጥጉ ላይ መዝሙሩ ቃል መሐል ላይ ተቋርጧል። የቃሉ ግማሽ በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ነው፣ ወይም ጠፍቷል። እያንዳንዱ ገዢ ለሚቀጥለው መቆረጥ ይከፍላል። ብዙ ገጾችም ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደወጡ አይታወቅም። ቁርጥራጭ ብራና ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ሲቀርብልሽ «ከየት መጣ? ሰነድ አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ቤተ መጻሕፍት ራሱ ያስወገደው ከሆነ ብዙ ጊዜ ያንን የሚገልጽ ሌላ ማኅተም አለው። ሻጩ መልስ ከሌለው ተዪው።

ፕላስተሩንም ተዪው። በጭራሽ! ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ኖታውንም ይዞ ይሄዳል። ላሚኔት ማድረግም እንዲሁ ነው፣ መመለሻ የለውም። የተቀደደውን ገጽ በንጹሕ ወረቀት መሐል ዘርግተሽ አስቀምጪው። ዋጋ ያለው ከሆነ የወረቀት ጥገና ባለሙያ በስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ይጠግነዋል፤ ያ ሙጫ በውሃ ይለቃል። የዛጉ ስፒሎችንና የስቴፕለር ሽቦዎችን በጥንቃቄ አውጪ። ላስቲክ አትሰሪባቸው። ከካርቶኑ አውጥተሽ ከአሲድ ነጻ በሆነ ፎልደር ውስጥ አስተኚያቸው። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ሙቀቱ ከሚዋዥቅ ቦታ ይራቁ። ጓንት አያስፈልግሽም፤ ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል፤ እንዲያውም በጓንት ገጽ መግለጥ መቅደድን ያመጣል። ስካን አድርጊና ፒያኖው ላይ ኮፒውን አቁሚ።

የመምህርሽን የእርሳስ ጽሑፍ አታጥፊ። እለምንሻለሁ። ላጲስ እንኳን አታስጠጊው። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ፣ የጣት ቁጥሩን፣ ዳር ላይ የጻፈችውን ቀን፣ ሁሉንም ተዪው። «ጽሑፍ ያለበት ዋጋው ይቀንሳል» የሚሉሽ ሰዎች የመደርደሪያ መጽሐፍ እያሰቡ ነው። የመዝሙር ኖታ ሲዘመርበት የኖረ ነገር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ፍጥነት እንደዘመረው የሚነግርሽ እርሳሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ሳይለንት ናይት» የሚባለውን፣ በየቋንቋው የሚዘመረውን የልደት መዝሙር አስቢ። በ1818 በኦስትሪያ፣ በኦበርንዶርፍ ተዘመረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዜማውን ለሃይድን የሚሰጡ ነበሩ፣ ለሞዛርትም የሚሰጡ ነበሩ። በ1995 የግጥሙ ደራሲ ዮሴፍ ሞር በእጁ የጻፈው ኖታ ተገኘ። ጥጉ ላይ የዜማው ባለቤት ፍራንዝ ክሳቨር ግሩበር መሆኑ ተጽፏል። አንድ መስመር የእጅ ጽሑፍ ናት ነገሩን የቋጨችው።

ስለ መምህርሽ የምታውቂውንም ዛሬውኑ ጻፊ። የትኛውን መዝሙር መቼ እንዳስተማረችሽ፣ የትኛው መጽሐፍ ከማን እንደመጣላት። በሌላ ወረቀት ጻፊና ፎልደሩ ውስጥ ጨምሪው። ከአንቺ በኋላ ይህን የሚያውቅ የለም።

ለፍለጋ ሦስት ነገር ይበቃሻል፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። «ሂምነሪ ዶት ኦርግ» በግጥም መነሻም በዜማ ስምም ያፈላልግልሻል፣ የብዙ መጻሕፍትን ገጽም ያሳያል። «ሂምን ቲዩን ኢንዴክስ» እስከ 1820 በታተሙ የእንግሊዝኛ መዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ያሉ ዜማዎችን ይዘረዝራል። እዚህ ዜማውን በስም ብቻ ሳይሆን በኖታው ቅደም ተከተልም መፈለግ ትችያለሽ። ለጥንታዊ ኅትመቶችና ለእጅ ጽሑፎች ደግሞ ከ1952 ጀምሮ የሚሠራው «ሪዝም» አለ፣ የትኛው ቅጂ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ይነግርሻል። አንድ መጽሐፍ በስንት ቦታ እንደተመዘገበ ማየት ብርቅነቱን ለመገመት ከሻጭ ቃል ይሻላል።

ለመጀመሪያው ዓመት ከካርቶኑ ውጭ ምንም አትግዢ። ያለሽን መዝግቢ። ለእያንዳንዱ ወረቀት ርዕስ፣ የዜማ ስም፣ አሳታሚ፣ ከተማ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የጎደለ ገጽ፣ የእጅ ጽሑፍ ካለ ምን እንደሚል። ምናልባት ግማሽ መንገድ ላይ የምትከተዪው ዜማ ራሱ ይመርጥሻል። መምህርሽ ደጋግማ ምልክት ያደረገችበትን መዝሙር ቁጠሪ፤ እኔ ብሆን ከእሱ ነበር የምጀምረው።

ወርደ ሰፊውን መጽሐፍ በተመለከተ የርዕሱን ገጽ፣ ጀርባውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስንት ዓይነት ቅርጽ እንደቆጠርሽም ጻፊልኝ። ከቤዙ በላይ ያለውን መስመር ስትጫወቺው ምን እንደሰማሽም ንገሪኝ።